ከወላጆች ስለሚወረስ መልክ

በመጽሐፈ ሄኖክ መጨረሻ አካባቢ የጻድቁ የኖኅ ልደት ተጽፎ ይገኛል። የሕፃኑ ገላና ጠጕር እጅግ ነጭ ሆኖ ስለ ታየ አባቱ ላሜሕ ደነገጠ፤ ከእኔ የተወለደ አይመስለኝም ብሎም ወደ አባቱ ወደ ማቱሳላ ሸሸ። ማቱሳላ ነገሩን ይዞ እስከ ምድር ዳርቻ ወደ ሄኖክ ሄደ፤ ሄኖክም ስለሚመጣው የጥፋት ውሃ ከነገረው በኋላ፥ ሕፃኑ በእውነት የላሜሕ ልጅ መሆኑን አረጋግጦ ሰደደው። የኖኅ መልክ የምሥጢር ምልክት ነውና ሕመም ነበረ ለማለት አንደፍርም። የላሜሕ ድንጋጤ ግን እስከ ዛሬ በየቤቱ ስላለ ጥቂት እንናገርበታለን።

ከጠይም አባትና ከጠይም እናት ገላው ነጭ፥ ጠጕሩ ብጫ፥ ዓይኑ ብርሃን የሚፈራ ልጅ የሚወለድበት ጊዜ አለ። ሐኪሞች አልቢኒዝም ይሉታል። ባል ሚስቱን ይጠረጥራል፤ ጎረቤት መርገም ነው ይላል፤ ሌላው ደግሞ ለምጽ ነው፥ ይጋባል ብሎ ልጁን ያርቃል። ሦስቱም ሐሰት ነው። በዚህ ሐሰት ግን ትዳር ይፈርሳል፤ ንጽሕት ሚስት ወደ አባቷ ቤት ትሰደዳለች፤ ልጅም በጓዳ ተደብቆ ያድጋል።

ነገሩን ለማስተዋል ከአተር ማሳ መጀመር ይቀላል። ዛሬ በቼክ ሪፐብሊክ ባለችው በብርኖ ከተማ ግሬጎር ሜንዴል የሚባል የካቶሊክ መነኵሴ በገዳሙ አትክልት ቦታ ለብዙ ዓመታት አተር ይዘራ ነበር። ሐምራዊ አበባ ያለውን ነጭ አበባ ካለው ጋር ቢያዳቅል፥ የተገኘው ትውልድ ሁሉ ሐምራዊ ሆነ፤ ነጩ የጠፋ መሰለ። የእነዚህን ዘር መልሶ ቢዘራ ግን 705 ባለ ሐምራዊ፥ 224 ባለ ነጭ አበባ ሆነው በቀሉ፤ ይኸውም ሦስት እጅ ለአንድ እጅ ያህል ነው። ነጩ በአያት ታይቶ፥ በልጅ ተሰውሮ፥ በልጅ ልጅ ተገለጠ። ሥራውን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1866 አሳተመ፤ ሊቃውንቱ ዋጋውን ያወቁለት ግን እርሱ በ1884 ካረፈ በኋላ፥ በ1900 ነው።

በሰውም እንዲሁ ነው። በሰውነታችን ሕዋሳት ውስጥ 23 ጥንድ ክሮሞሶም አለ፤ ከየጥንዱ አንዱ ከአባት፥ አንዱ ከእናት የመጣ ነው። በእነርሱም ላይ መልክን የሚወስኑ ዘረ መሎች ይገኛሉ። ለገላ ቀለም የሚሰጠውን ሜላኒን ከሚያስገኙት ጥንድ ዘረ መሎች አንዱ ጐደሎ ቢሆን ሌላው ይበቃልና፥ ሰውየው ጠይም ሆኖ ይኖራል፤ ጕድለቱን መሸከሙንም አያውቅም። እንዲህ ያለውን አንድ ጕድለት የተሸከሙ ሁለት ሰዎች ሲጋቡ፥ ልጁ ከሁለቱም ጐደሎውን የሚቀበልበት ዕድል ከአራት አንድ ነው። ከአራት ልጆች አንዱ የግድ እንዲህ ይሆናል ማለት ግን አይደለም፤ በየፅንሱ ዕጣው እንደ አዲስ ይጣላል። እንደ ላሜሕ የሚሸሽ አባት እንግዲህ ይህን ይወቅ፤ ሚስቱን ሊከስበት ያነሣው መልክ እርሱም ከአያቶቹ ተቀብሎ ሳያውቅ ያወረሰው ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን እስከ ሰባት ቤት ድረስ በዘመድ መካከል ጋብቻን ትከለክላለች። ጥቅሙ በሥጋ በኩልም ይታያል፤ ዘመዳሞች ከአንድ አያት የወረሱት ስውር ጕድለት በልጃቸው የመገናኘቱ ዕድል ይበዛልና። ይሁን እንጂ ባዕዳን በሆኑ ባልና ሚስትም ይደርሳል፤ ስለዚህ እንዲህ ያለ ልጅ የተወለደላቸውን ሁሉ በዘመድ ተጋቡ ብሎ ማማት ሌላ ኃጢአት ነው።

ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርት ኃጢአቱ የማን እንደ ሆነ በጠየቁ ጊዜ፥ ጌታችን የእርሱም የወላጆቹም አለመሆኑን እንደ ነገራቸው በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ተጽፎአል። ካህናት አባቶች ሆይ፥ ያ ጥያቄ ዛሬ አስቀድሞ የሚቀርበው ለእናንተ ለነፍስ አባቶች ነው፤ ባል ከሐኪም በፊት ወደ እናንተ ይመጣልና። ወንዱን በ40፥ ሴቲቱን በ80 ቀን ስታጠምቁ ለክርስትና አባትና እናት፥ ለተሰበሰበውም ዘመድ ሁሉ እውነቱን ግለጡ።

ለእንዲህ ያለው ልጅ ፀሐይ ጠላቱ ነው፤ ቆዳው ይቃጠላል፥ ውሎ አድሮም ለቆዳ ካንሰር ይጋለጣል። ባርኔጣና እጅጌው ረጅም ልብስ ይልበስ፤ በጥምቀት በዓል ታቦት ሲሸኝም ጥላ ይያዝለት። ዓይኑ ደካማ ስለ ሆነ፥ በፊደል ቤት መጽሐፉን ወደ ፊቱ ሲያስጠጋ የኔታ ሰነፍ ብለው አይቅጡት፤ ከፊት ያስቀምጡት፥ ጽሕፈቱንም ጕልህ ያድርጉለት።