ያልተሮጠ ሩጫ ዳኝነት

በላይነህ ዴንሳሞ የኦሎምፒክ ሜዳሊያ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1988 ሮተርዳም ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ጨርሶ ያስመዘገበው የዓለም ክብረ ወሰን ግን 10 ዓመት ቆየ። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ ከሴኡል ኦሎምፒክ ቀረች።

ታዲያ ያልተሰለፈ ሰው እንዴት ይዳኛል?

ወርቅ ቆጣሪዎች «ቢሮጥ ኖሮ» የሚባል ሜዳሊያ የለም ይላሉ፤ አልተሳሳቱም። ሯጩን ያስቀረውን ሁኔታ የሚያነሣም ለሚወደው ሯጭ ብቻ ማንሣት የለበትም። ሯጩን ምሩጽ ይፍጠርን በ1976 ከሞንትሪያል ያስቀረው የፖለቲካ አድማ ነበር፤ በ1980 ሞስኮ ላይ 2 ወርቅ ሲያጠልቅም ብዙ አገሮች በሌላ አድማ ቀርተዋል።

የከበደው ጥያቄ ያለው ግን ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ በሚለው ጉና ተራራ ሥር ነው፦ ጋይንት ወይም እስቴ ውስጥ አሰልጣኝ ያላየው ፈጣን እረኛ በየትኛው ሠንጠረዥ ይገባል?