ሌላ ቋንቋ ስለ መማር

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ሰው የእናቱን ቋንቋ ሳይደክም ያገኘዋል፤ ሌላውን ቋንቋ ግን በላቡ ይገዛዋል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃም የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ደንግጓል። ስለዚህ እንግሊዝኛ የከበደው ልጅ የሒሳቡና የሳይንሱ በርም ይዘጋበታል።

ችግሩ እውነተኛ ችግር ነው። በእኛ ፊደል የተጻፈው ቃል በአብዛኛው እንደ ተጻፈ ይነበባል። በእንግሊዝኛ ግን ኦ፣ ዩ፣ ጂ፣ ኤች የተባሉት አራት ፊደላት ተከታትለው ሲጻፉ፣ ሳል በሚለው ቃል «ኦፍ»፣ ሊጥ በሚለው «ኦው» ተብለው ይነበባሉ። እኛ ግሡን በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ስናኖር፣ እነርሱ ከባለቤቱ ቀጥለው ያስቀድሙታል። ምላስን በጥርስ መካከል አድርጎ የሚነገረውም ድምፅ በአማርኛ ስለሌለ ጀማሪው «ስ» ወይም «ዝ» ይለዋል።

ይህ ሁሉ ግን በጊዜና በትጋት ይሸነፋል። ብዙ ዘመን በማስተማር ስኖር ያየሁት የባሰ ጠላት «ይሥቁብኛል» የሚል ፍርሃት ነው። ተማሪው መልሱን እያወቀ ዝም ይላል፤ ዝም ያለ አይታረምም፤ ያልታረመም አያድግም።

ይህስ ፍርሃት ከምን ይመጣል? ብዙውን ጊዜ ከምንማርበት ምክንያት ይመጣል። በአማርኛው መካከል የእንግሊዝኛ ቃል ጣል እያደረገ የተማረ ለመባል የሚሻ ሰው፣ ስሕተት በአደባባይ ልብሱ የተቀደደ ያህል ያሳፍረዋል። ስለዚህ የሚያውቃቸውን ጥቂት ቃላት እየደጋገመ ይኖራል። መጽሐፍ ለማንበብ፣ በሽተኛ ለማከም ወይም እንጀራውን ለማግኘት የሚማር ግን ሐሳቡ ከጉዳዩ ላይ ስለሆነ ስሕተቱን ይታገሣል። አባቶች «መማር ይቅደም ከመጠምጠም» ያሉት ለዚህ ነው።

የቅኔውን ተማሪ ተመልከት። ግእዝ ዛሬ የማንም አፍ መፍቻ አይደለም። የቆሎ ተማሪው ግን ቅኔውን ቆጥሮ ለመምህሩ ያቀርባል፤ መምህሩ ያርመዋል፤ እርሱም ተመልሶ ይቆጥራል። መታረምን ቢያፍር ኖሮ ባለቅኔ ባልሆነ ነበር።

ከባሕር ማዶም የፖላንድ ተወላጁ ጆሴፍ ኮንራድ እንግሊዝኛን የተማረው ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ በመርከበኝነት ሲያገለግል ነው። በ1895 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ ልብ ወለዱን አሳተመ፤ በኋላም ከታላላቆቹ የእንግሊዝኛ ደራስያን ተቈጠረ። አነጋገሩ ግን እስከ ሞተ ድረስ የባዕድ ቃና አልተለየውም። ቃናው ሐሳቡን አልከለከለውም።

እንግዲህ አንተ የምትማረው ሆይ፣ በስሕተትህ መካከል ተናገር። አንተም የቀደምኸው፣ ጓደኛህ ሲሰናከል ቃሉን ቀስ ብለህ አቃናለት እንጂ አትሣቅበት። በአንድ ቀን ሣቅ የተዘጋ አፍ ዓመት ሙሉ ሳይከፈት ሊቀር ይችላልና።