ማን በደለ? ስለ ሕመምተኛና ስለ ፈራጅ

ሰው የባልንጀራው ሕመም ምክንያቱ ሳይገለጥለት ሲቀር፥ አላውቅም ማለት ይከብደዋልና ምክንያቱን ከሕመምተኛው ጠባይ ውስጥ ይፈልጋል። በወንጌል እንደምናነበው፥ ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ባዩ ጊዜ አስቀድመው የጠየቁት እንዴት እንደሚድን አይደለም፤ ኃጢአቱ የማን እንደ ሆነ ነው። ጌታችን ግን በደሉን በእርሱም በወላጆቹም ላይ አላደረገውም፤ ዐይኑን አበራለት እንጂ። ይህ ጥያቄ በዚያ ዘመን አልቀረም፤ ዛሬም በየልቅሶው ቤት ይሰማል።

ከጥቂት ዓመት በፊት በጉበት ነቀርሳ (ካንሰር) በሞተ ጎልማሳ ልቅሶ ላይ ተቀምጬ ነበር። ዐይኑ ቢጫ ሆኖ፥ ሆዱ ተነፍቶ፥ በጥቂት ወር ውስጥ ያለፈ ሰው ነው። ከአጠገቤ ከነበሩት አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጉበቱን የጨረሰው መጠጥ ነው» አለ፤ ሌላውም ራሱን ነቀነቀ። እኔ ሟቹን የማውቀው ከጠላም ከጠጅም የራቀ ሰው መሆኑን ነው። ሚስቱ ቃሉን ሰምታ አንገቷን ደፋች። እኔም አንዳች አልመለስሁም፤ ዛሬ የምጽፈው ያን ጊዜ ዝም ስላልሁ ነው።

እንግዲህ ሊቃውንት ስለዚህ በሽታ ያገኙትን እንመልከት፤ ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ባሩክ ብሉምበርግ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም፥ አንዱ ሰው ሲታመም ሌላው የማይታመመው በደሙ ውስጥ ምን ልዩነት ቢኖር ነው ብሎ የብዙ አገር ሰዎችን ደም ይመረምር ነበር። በ1963 ከአንድ የአውስትራሊያ ነባር ተወላጅ ደም ውስጥ እንግዳ ነገር አገኘ። ያም ነገር የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ የውጭ ልባስ መሆኑ ከጥቂት ዓመት በኋላ ታወቀ፤ ብሉምበርግም በ1976 የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። ከዚያም ፓልመር ቢዝሊ የተባለ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋራ በታይዋን 22,707 ወንዶችን ተከታትሎ በ1981 ውጤቱን አስታወቀ፤ በጉበት ነቀርሳ ከተያዙት 41 ሰዎች 40ዎቹ ቫይረሱ አስቀድሞ በደማቸው የተገኘባቸው ነበሩ።

ይህ ቫይረስ ልጅ ሲወለድ ከእናቱ ሊተላለፍ ይችላል። በልደቱ የያዘው ሕፃን ከ10 ዘጠኙ ለብዙ ዘመን ተሸክሞት ይኖራል፤ ጎልማሳ ሆኖ የያዘው ግን አብዛኛው በራሱ ይነጻል። በልደቱ ሰዓት ስለ ገባበት ነገር ሕፃኑን ማን ይከስሰዋል? እናቲቱንስ፥ ሳታውቅ ስለ ተሸከመችው ነገር ማን ይፈርድባታል?

ሁለተኛው ምስክር ከዚህ ይልቅ ረቂቅ ነው። በ1960 በእንግሊዝ አገር ተርኪ የተባሉት ትልልቅ ዶሮ መሰል አዕዋፍ ከ100,000 በላይ አለቁ፤ ቢመረመር የሻገተ ለውዝ ያለበት መኖ በልተው ኖሯል። ሻጋታው የሚያወጣው መርዝ አፍላቶክሲን ተባለ፤ ደኅና አድርጎ ባልደረቀ በቆሎና ለውዝ ላይ ይገኛል፤ እህሉ ቢበስልም ፈጽሞ አይጠፋም። የሰው ሕዋስ የተፈጥሮ ጽሕፈት በአራት ፊደላት ብቻ የሚጻፍ ሲሆን፥ ሦስት ሦስቱ እንደ አንድ ቃል ይቆጠራሉ። በ1991 ሊቃውንት ቺዶንግ ከምትባል የቻይና አገርና ከደቡባዊ አፍሪካ የመጡ ሕመምተኞችን ዕጢ መረመሩ። ሕዋስ ያለ ልክ እንዳይበዛ የሚጠብቀው ፒ 53 የተባለው ዘረ መል በ249ኛው ቃሉ ላይ አንድ ፊደል ተለውጦበት፥ ጂ በነበረበት ቲ ገብቶ ተገኘ። ከቺዶንግ ከተመረመሩት 16 ዕጢዎች በ7ቱ እንዲህ ነው። አፍላቶክሲንም ይህንኑ የፊደል ለውጥ የሚያደርግ መርዝ መሆኑ በቤተ ሙከራ የታወቀ ነው። መርዙ በሟቹ ሥጋ ውስጥ ስሙን ጽፎ ሄዷል ማለት ነው፤ ሐሜትስ እንዲህ ያለ ምስክር ከወዴት ታመጣለች?

«ታዲያ መጠጥ ጉበትን አይጎዳም ልትለን ነውን?» የሚል ይኖራል። አይደለም፤ መጠጥ የበዛበት ጉበት ጠባሳ እየያዘ ደርቆ ለነቀርሳ እንደሚዳረግ የተረጋገጠ ነው፤ ቫይረሱ ባለበት ሰው ላይ ደግሞ ይብሳል። ነገር ግን ሐኪም ምክንያትን የሚፈልገው ለማዳን ነው፤ እኛ የምንፈልገው ለመፍረድ ነው። ደግሞም ዕውቀት በደልን ከዓለም አያጠፋም፤ ከሕመምተኛው ላይ አንሥቶ በዐዋቂው ላይ ያኖረዋል እንጂ። የሻገተውን እህል እያወቀ ከደኅናው ቀላቅሎ የሚሸጥ ነጋዴ፥ ክትባት እያለ ልጁን በስንፍና የሚያስቀር አባት፥ ጎተራ እንዲደርቅ ማስተማር ሲችል ዝም የሚል የተማረ ሰው፥ ከእንግዲህ አላወቅሁም ሊሉ አይችሉም።

የተሳሳተ ፍርድ የሟቹን ስም ብቻ ጎድቶ ቢቀር ባልከፋ። «የሰካራም ልጆች» የተባሉት ግን በኀፍረት ይሸሸጋሉ፤ የሚመረመርም አይኖርም። አንዳንዱም ዐይን ቢጫ ሲሆን የወፍ በሽታ ነው ብሎ የሌሊት ወፍን ይከስሳል፤ ሐኪምም ሳያይ ይቀራል። መድኃኒቱ ግን ቀርቧል። ታይዋን በ1984 ሕፃናትን መከተብ ጀመረች፤ ከ6 እስከ 14 ዓመት ባሉት ልጆች ላይ ነቀርሳው ከ100,000 በ0.70 የነበረው በ1990 እና በ1994 መካከል ወደ 0.36 ወረደ። በአገራችንም ይህ ክትባት በእኛ አቆጣጠር ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ለሕፃናት አምስት በሽታ ከሚከላከለው መርፌ ጋራ ይሰጣል። ከዚያ በፊት የተወለድነው አብዛኞቻችን ግን ሳንከተብ ያደግን ነን፤ ስለዚህ ቫይረሱ እንዳለብን የሚነግረን የደም ምርመራ ብቻ ነው።

እኔም ዘግይቼ ቢሆን ወደ መበለቲቱ ቤት ሄድሁ። «እኅቴ ሆይ፥ ባልሽ ጠጥቶ አልሞተም፤ ይህ ሕመም ከልደት ጀምሮ ተሸሽጎ የሚኖር ሊሆን ይችላልና አንቺም ልጆችሽም ተመርመሩ» አልኋት። ጥቂት ዝም ብላ «እንዲህ ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም» አለችኝ። በማግሥቱ ልጆቿን ይዛ ወደ ሐኪም ቤት ሄደች። ወንድሞቼ ሆይ፥ በሚቀጥለው ልቅሶ ቤት «ምን ገደለው?» የሚል ድምፅ ሲሰማ፥ ከእኛ አንዱ ፍርዱን ትቶ «ቤተ ሰቡ ተመርምረዋልን?» ብሎ ይጠይቅ።