ስለ ውልና ስለ ይርጋ

አንባቢ ሆይ፤ ውል የሚለውን ቃል ዘወትር በአፍህ ትጠራዋለህ፤ ነገር ግን ምን ማለት እንደ ሆነ አስተውለኸዋልን? ፈታይ ሴት ክሯ ሲተበተብባት «ውሉ ጠፋብኝ» ትላለች፤ ውሉን ያገኘች እንደ ሆነ ግን ልቃቂቱ ሁሉ ይፈታላታል። እንደዚሁም በሰውና በሰው መካከል ያለ ነገር የሚያያዝበት ቃል ውል ይባላል፤ እርሱ ከጠፋ ሁሉ ይተበተባል።

በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1675ኛው አንቀጽ ውልን ሲተረጉም፥ ሰዎች ስለ ንብረታቸው ግዴታን የሚያቆሙበት፥ የሚለውጡበት ወይም የሚያስቀሩበት ስምምነት ነው ይላል። በ1731ኛውም አንቀጽ፥ በሚገባ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ ላይ እንደ ሕግ ሆኖ እንደሚጸና ይናገራል። ይህን ልብ አድርግ። ሕግ የሚያወጣ መንግሥት ሲሆን፥ ነጋዴና ገበሬ፥ አከራይና ተከራይ በቃላቸው ለራሳቸው ሕግ ያቆማሉ ማለት ነው። እንግዲህ ውል አፍራሽ ራሱ ያቆመውን ሕግ ያፈርሳል።

ነገር ግን ይኸው ሕግ ይርጋ የሚባል ሌላ ቃል አለው፤ ይኸውም ነገሩ ጸጥ ይበል፥ ከእንግዲህ ወዲህ አይነቃነቅ እንደ ማለት ነው። በ1845ኛው አንቀጽ መሠረት፥ ሌላ ጊዜ ካልተወሰነ በቀር፥ ከውል የሚነሣ ክስ በ10 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ይህም መልካም ምክንያት አለው፤ ምስክር ይሞታል፥ ወረቀትም ይጠፋል፥ ሰውም ዕድሜውን ሁሉ ክስ ሲፈራ ሊኖር አይገባውምና።

አሁን ግን እጠይቅሃለሁ። ከጎረቤትህ 1,000 ብር ተበድረህ፥ እርሱም ይሉኝታ ይዞት ሳይጠይቅህ 11 ዓመት ቢያልፍ፥ ዕዳው ከአንተ ወርዷልን? «ሕጉ ነጻ አወጣኝ» ትል ይሆናል። እንኪያስ 1856ኛውን አንቀጽ ተመልከት፤ ዳኛው በራሱ ፈቃድ ይርጋን አንሥቶ ክሱን አይዘጋም፤ አንተ አፍህን ከፍተህ «ጊዜው አልፏል» እስክትል ድረስ ዝም ይላል። ሕጉ በሩን ከፈተልህ እንጂ ግባ ብሎ አልገፋህም። በዚያ በር መግባትና አለመግባት የአንተ ፈንታ ነው።

በእውነት ከፍለህ ሳለህ ደረሰኙ ቢጠፋብህና ከብዙ ዘመን በኋላ ብትከሰስ፥ ይርጋ ጋሻህ ነውና ያለ ኀፍረት አንሣው። ያልከፈልህ መሆንህን እያወቅህ ብታነሣው ግን፥ ለንጹሕ ሰው የተሠራውን ጋሻ የባልንጀራህን ገንዘብ ልትሸሽግበት ወሰድኸው።

አባቶቻችን «ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ያሉት ቃል እንደዚህ ከብዶባቸው ነው። ዘመን ምስክርን ይወስዳል፤ የተቀበልኸውን ግን እንዳልተቀበልህ አያደርገውም። ስለዚህ፥ ወዳጄ ሆይ፥ የቆየ ዕዳ ቢኖርብህ ባለገንዘቡ ሳይጠይቅህ ሂድና ክፈል፤ ሞቶም እንደ ሆነ ልጆቹን ፈልገህ ስጣቸው።