ዕረፍት በየተራ

«ሚዛን ጠብቅ» የሚል ምክር ስልካችን ላይ በየቀኑ ይመጣል። ስምንት ሰዓት ሥራ፣ ስምንት ሰዓት እንቅልፍ፣ የቀረው ለራስህ። ጠዋት ሩጥ፣ ማታ አንብብ፣ ቅዳሜ ከጓደኛ ጋር ተዝናና። ምክሩ ክፋት የለውም። ግን «ሰዓቱ በእጅህ ነው» ብሎ ነው የሚጀምረው። ሃያ አራቱን ሰዓት እንደ ዳቦ ቆርሰህ የምታከፋፍለው አንተ ነህ ይልሃል። ጎንደር ላይ ሆኖ ይህን የሚሰማ ብዙ ወጣት ግን ዳቦው ገና እጁ አልገባም።

የሰው ባጃጅ ይዞ ከአዘዞ ፒያሳ የሚመላለስ፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ በኤክስቴንሽን አካውንቲንግ የሚማር ልጅ እናስብ። ስም አያስፈልገውም፤ እንደሱ ያለው ብዙ ነው። ማታ ለባለቤቱ የሚያስገባው ገንዘብ ቁርጥ ነው፤ ገበያ ኖረም አልኖረም ያው ነው። ቤንዚን ሲጠፋ ግማሽ ቀኑ ወረፋ ላይ ያልቃል፤ ወረፋው ከመረረው በሃይላንድ የሚሸጠውን በውድ ይገዛል። መሸት ሲል በጸጥታው ምክንያት ሰው ቶሎ ወደ ቤቱ ይሰበሰባል፣ መንገዱም ጭር ይላል። ድሮ አምሽቶ ያካክስ የነበረውን ዛሬ አያካክስም። የዚህ ልጅ ቀን ራሱ አጥሯል። «ጊዜህን በአግባቡ ተጠቀም» ብትሉት፣ «የቱን ጊዜ?» ይላችኋል።

በመዝገብ ላይ የሀገሪቱ ኢኮኖሚ እያደገ ነው ይባላል። ስለዚህ ባለሙያዎች «ሪሴሽን» የሚሉት ነገር በኛ ላይ አይነገርም ይሆናል። እኛ ያለን ቃል ኑሮ ውድነት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ጎንደር ላይ ደግሞ ኪሱ የተመታው ከዚያ በፊት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሳው ውጊያ የቱሪስቱን እግር አሳጥሮታል። የፋሲል ግንብን የሚያስጎበኘው፣ ደባርቅ ላይ ወደ ስሜን ተራሮች በቅሎ የሚያከራየው፣ ሆቴል ውስጥ አልጋ የምታነጥፈው፣ የሁሉም እንጀራ ከእንግዳው ጋር የታሰረ ነበር።

እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የሚቆረጠው ምንድን ነው? ጂም ይቀራል። ኳስ ይቀራል። ከጓደኛ ጋር የሚጠጣው ቡና ይቀራል። ቀጥሎ «እስኪ ዘንድሮ ይለፍ» ተብሎ ትምህርቱ ይቋረጣል። የሚገርመው፣ ይህን ሁሉ ስንቆርጥ ኃላፊነት የሚሰማው ሰው የሆንን ይመስለናል። «እናቴ ዘይት በሊትር መግዛት አቅቷት እኔ ሜዳ ላይ ኳስ ልምታ?» ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ስር ድረስ ብንሄድ እንዲህ የሚል ነው፦ ዕረፍት የሥራ ደመወዝ ነው ወይ? ከሆነስ፣ ሥራው ሲጠፋ የማረፍ መብቱም አብሮ ይጠፋል?

ይህን ጥያቄ ሳናስበው የምትመልስልን አንዲት የሩቅ መንደር አለች። የዓለም ኢኮኖሚ በተንኮታኮተበት ዘመን፣ በቪየና አቅራቢያ ማሪየንታል የምትባል መንደር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ ተዘጋና ነዋሪዋ ሥራ ፈታ። ማሪ ያሆዳ፣ ፖል ላዛርስፌልድ እና ሃንስ ሳይዝል የተባሉ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የሰዉን ኑሮ አጠኑ፤ መጽሐፋቸው እ.ኤ.አ. በ1933 ወጣ። ሰው ጊዜ ስላገኘ ያነባል፣ ማኅበር ይሳተፋል፣ ስፖርት ይሠራል ብሎ ለሚያስብ ውጤቱ ግራ የሚያጋባ ነው። የመንደሩ ቤተ መጻሕፍት ክፍያ ቢነሳም የሚዋሰው መጽሐፍ በግማሽ ያህል ቀነሰ። ወንዶቹ ቀኑን በምን እንዳሳለፉት ሲጠየቁ የሚጽፉት ጠፋቸው።

እኔ ከዚህ የተማርኩት ሥራ፣ ትምህርት፣ ስፖርትና መዝናኛ አንዱ ሲቀነስ ለሌላው የሚተርፍ ነገር አለመሆናቸውን ነው። ይልቅ እንደ ጉልቻ ናቸው። ጉልቻ ብታነሳ ምድጃው አይሰፋልህም፤ ድስቱ ነው የሚደፋው። ኳሱን ትቶ ያተረፈውን ሰዓት ሥራ ላይ ያዋለ ስንቱ ነው? አብዛኛው ሰዓት ቲክቶክ ላይ አውራ ጣታችንን ስናንሸራትት ነው የሚያልቀው፤ ያ ደግሞ ዕረፍት አይደለም፣ ማረፍ ያቃተው ሰው የሚያደርገው ነገር ነው።

አያቶቻችን ይህን ነገር በሌላ መንገድ ያውቁት ነበር። የቆሎ ተማሪን አስቡ። ከድሃ ድሃ ነው። ደበሎ ለብሶ፣ ከውሻ እየታገለ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ቁራሽ ለምኖ ይማራል። ግን የቅኔ ተማሪ ከሆነ በቀኑ ውስጥ ማንም የማይነካበት ጊዜ አለው፤ ቅኔ ሊቆጥር ብቻውን ወጥቶ ዛፍ ስር ይቀመጣል። ከሩቅ ለሚያየው ሥራ ፈት ነው። ጎንደር በምትታወቅበት በአቋቋም ትምህርት ደግሞ አካልና አእምሮ አይነጣጠሉም፤ መቋሚያ ይዞ ለሰዓታት ቆሞ መወዝወዝ ምን ያህል ጉልበት እንደሚጠይቅ የሞከረው ያውቀዋል። «ስኩል» የሚለው የፈረንጅ ቃል ራሱ የመጣው ከግሪኩ «ስኾሌ» ነው፤ ትርጉሙም ከሥራ ነጻ የሆነ ጊዜ ማለት ነው። የቆሎ ተማሪው ያንን ጊዜ ያገኘው ሀብታም ስለሆነ አይደለም። መንደሩ ቁራሽ ስለሰጠው ነው። ትርፍ ጊዜው የተገነባው በሰው እንጀራ ነበር፤ ሰጪውም ተቀባዩም ይህን አያፍሩበትም ነበር።

ወደ ዳባትና ደባርቅ፣ ወደ ጃናሞራ ወጣ ብትሉ ደግሞ ዕረፍትን የሚያውጀው የቀን መቁጠሪያው ነው። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም፤ እነዚህና ሌሎችም በዓላት ሲውሉ በሬ አይጠመድም። በዓል የሻረ ሰው በሀገሩ ላይ በረዶ ያመጣል ይባላል። ይህ ሁሉ በዓል ለድህነታችን ምክንያት ነው የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ክርክሩ ቀላል አይደለም። እኔን የሚስበኝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሁሉም ባረፈበት ቀን ማንም በማረፉ አያፍርም። እዚሁ ከተማ አዲስ ዓለም አካባቢ ሱቁን ዘግቶ ለጁምዓ የሚሄደው ነጋዴም ለምን ዘጋህ ተብሎ አይጠየቅም። ዕረፍት የጋራ ሲሆን ማስረጃ አቅርብ አትባልም። ብቻህን ስታርፍ ነው ሰበብ የምትፈልገው።

ይህን ብዬ ግን ድሮን ብቻ አሞግሼ ላልፍ አልችልም። ምክንያቱም ሞፈሩ ባረፈበት ቀን እንስራው አያርፍም ነበር። ጠላውን የጠመቀው፣ እንጀራውን የጋገረው፣ ምንጭ ወርዶ ውሃ የቀዳው ማን ነው? የማሪየንታል ተመራማሪዎችም ያዩት ይህንኑ ነው። ከተደበቀ ቦታ ሆነው የሰዉን አረማመድ በሰዓት ለኩ። ወንዶቹ ቀስ ይላሉ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ይቆማሉ፣ የሚያስቸኩላቸው ነገር የለም። ሴቶቹ ግን ብዙም አይቆሙም፤ ቤት ሥራ አለባቸው። ፋብሪካው የዘጋባቸው ደመወዙን እንጂ ሥራውን አልነበረም።

አሁን ወደ ከተማችን እንመለስ። ብዙ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ሲመጣም ብዙ ጊዜ ሌሊት ነው። የቧንቧው ድምፅ ሲሰማ ጀሪካን ልትሞላ የምትነሳው እህት ናት። ወንድሟ አይነሳም፤ ፈተና አለበት። እሷም ፈተና አለባት። ጠዋት እሱ ተነስቶ ስፖርት ሠርቶ፣ ሻወር ወስዶ፣ ቁርሱን በልቶ ይወጣል፤ እውነትም ሚዛኑን የጠበቀ ልጅ ነው፣ ሰፈሩም ይመሰክርለታል። እሷ ክፍል ውስጥ ስታንቀላፋ ግን «ሰነፍ» ትባላለች። የሱ ሚዛን የቆመው በሷ ትከሻ ላይ መሆኑን የሚያይ የለም።

ስለዚህ «ማረፍ ይገባኛል ወይ?» ለሚለው መልሴ፣ አዎ ይገባሃል ነው። ዕረፍት ሥራ የያዘ ብቻ የሚቀበለው ደመወዝ አይደለም፤ እንደ ውሃ ለሰው ሁሉ ያስፈልጋል። ግን እንደ ውሃው ሁሉ አንድ ሰው ሳይነሳ አይቀዳም። ለዚህ ደግሞ ከዕቁብ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ዕቁብ ሲደርስህ ገንዘቡን ይዘህ ስትሄድ አታፍርም፤ ስትጥል ከርመሃልና። ሳይጥል መውሰድ የሚፈልግ ሰው ግን ዕቁብተኛ አይባልም። ሰዓትም እንዲሁ ነው። ማክሰኞ ሌሊት ጀሪካኑን የሞላ ወንድም ረቡዕ ጠዋት ሜዳ ሲወጣ ያ ኳስ ንጹሕ ኳስ ነው። እህቱም ሐሙስ አመሻሽ ላይ ከጓደኞቿ ጋር በእግሯ ተንሸራሽራ ስትመለስ «የት ነበርሽ?» የሚላት ሊኖር አይገባም። ተራዋ ነው።

እርግጥ ነው፣ ሁሉም ነገር ቤት ውስጥ አያልቅም። ከጠዋት እስከ ማታ ድንጋይ የሚሸከመውን የቀን ሠራተኛ «ዕረፍት አድርግ» ማለት ስድብ ነው። ለሱ የሚነገረው ነገር የለኝም፤ ለሌሎቹ ግን አለኝ። ባጃጅ ያከራየ ሰው በሳምንት አንድ ቀን ገቢ ሳይጠይቅ ሊያሳልፍ ይችላል። መምህሩ ክፍል የማይገባ ከሆነ፣ ተማሪው የቀን ገቢውን ትቶ ከመምጣቱ በፊት ሊነግረው ይችላል። ትንንሽ ነገር ናቸው፤ ግን ለሰው ሰዓት የሚመልሱት እነዚህ ናቸው።

ኑሮው መቼ እንደሚረክስ አላውቅም። የዶላሩንም የነዳጁንም ነገር እኔና እናንተ አንወስነውም። የቤታችንን ሰዓት ግን የምንካፈለው እኛው ነን። ዛሬ ሌሊት ውሃ ከመጣ ማን እንደሚነሳ፣ ከመተኛታችሁ በፊት ተነጋገሩ።