ዕድል ሲከሽፍ ጥፋቱ የማን ነው?

ለመሆኑ ዕድልን ማሻሻል ይቻላል ከተባለ፣ ዕድሉ የከሸፈ ዕለት ተጠያቂው ማን ነው? ጥያቄው ሥራ የፈታ ፈላስፋ የፈጠረው አይደለም። ወልዶ ለመሳም ከሐኪም ደጅ የሚመላለሱ ባልና ሚስት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚጠያየቁት ነው። በአዲስ አበባ፣ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2019 እ.ኤ.አ. የመካንነት ሕክምና ማዕከል ከተከፈተ ወዲህም የሩቅ አገር ወሬ መሆኑ ቀርቷል።

እንቁላልና የወንድ ዘር ከማኅፀን ውጭ ተገናኝተው የተገኘው ጽንስ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ይቀመጣል። ቀኑ ሲደርስ ከቅዝቃዜው ወጥቶ ወደ ማኅፀን ይገባል። በዚህ መንገድ የመጀመሪያዋ ሕፃን በ1984 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ ተወለደች። ውጤቱን በአመዛኙ የሚወስኑት እንቁላሉ ሲወሰድ የነበረው ዕድሜ፣ የጽንሱ ክሮሞሶም ጤንነትና ማኅፀን በሰዓቱ መዘጋጀቱ ናቸው። አብዛኛው ከሴቲቱ ፈቃድ ውጭ ነው።

ሰው ግን እጁን አጣጥፎ መጠበቅ አይሆንለትም። አንዲት የማውቃት ሴት ጽንሱ ከገባላት በኋላ 10 ቀን ሙሉ ከአልጋ ላለመውረድ ታገለች። አልሆነላትም። “ያን ዕለት ስልክ ላነሳ ባልነሳ ኖሮ...” አለችኝ። መተኛት ጽንስ እንደማያጸና ሐኪሞች ይናገራሉ፤ እሷ ግን ዛሬም ራሷን ትከሳለች።

ገበያውም ይህን ጭንቀት ያውቃል። የማኅፀንን ግድግዳ አስቀድሞ መጫር ዕድል ይጨምራል ተብሎ ለዓመታት ተሠራበት። በ2019 እ.ኤ.አ. በ1,364 ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት ሲወጣ ግን የተጫሩትም ያልተጫሩትም ከመቶ 26 ያህሉ ወልደው ተገኙ።

“ይሁን እንጂ ተስፋ ብርታት ይሰጣል” የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ይሰጣል፤ ግን ውጤቱ እስኪነገር ድረስ ብቻ። እኔ እንደሚመስለኝ ተስፋ መስጠት ነውር የለበትም። ነውሩ ዕድልን የትጋት ደመወዝ አስመስሎ መሸጡ ነው። ደመወዙን የተከለከለ ሰው “ምን አጠፋሁ?” ማለቱ አይቀርምና።

ላልወለደች ሴት “ምን በድላ ይሆን?” የሚለው የጎረቤት ሐሜት ስንት ቤት እንዳፈረሰ እናውቃለን። ያው ሐሜት ነጭ ጋወን ለብሶ እንዳይመለስ፣ ውጤቱ ባልሰመረ ጊዜ የሐኪሙም የዘመዱም የመጀመሪያ ቃል “ያንቺ ጥፋት አይደለም” የሚለው ሊሆን ይገባል።