የሚወደደው ልጅ እኔ ነበርኩ

ባሕር ዳር ያደጋችሁ ሁሉ፣ ቆሮሶ ተጠብሶ ሲቀርብ መሐሉ ለማን፣ ጅራቱ ለማን እንደሚደርስ ታውቃላችሁ። በእኛ ቤት መሐሉ የእኔ ነበር። እናቴ ክፉ ሰው አይደለችም። ወንድ ነኝ፣ የመጨረሻ ልጅ ነኝ፣ በሕፃንነቴም ታምሜ ለጥቂት ተርፌያለሁ፤ ለእሷ ይህ በቂ ምክንያት ነበር። ታላቅ እህቴ እንጀራ ጋግራ፣ ዕቃ አጥባ፣ ሁሉም ከተኛ በኋላ ታጠናለች። እኔ ደብተር ስገልጥ ግን ቤቱ ሁሉ ጸጥ ይላል። ኮሌጅ የገባሁት እኔ ነኝ።

ስለ አድልዎ ስናወራ የተገፋውን ብቻ እናስባለን። ያዕቆብ ዮሴፍን አብልጦ ወደደው፤ ያጌጠ ቀሚስም አለበሰው፤ ወንድሞቹ ግን በሰላም ሊያናግሩት አልቻሉም (ዘፍ. 37፥3–4)። ቀሚሱ ወንድሞቹን አሳጣው። እናንተም በቤታችሁ የምትመረጡ ከሆናችሁ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። አይቶ እንዳላየ መሆን ግን ጥፋት ነው፤ እኔ ብዙ ዓመት እንዲያ ኖሬአለሁ።

የጎንደር ነገሥታት፣ ወንድማማቾች በዙፋን እንዳይጣሉ መሳፍንቱን ወህኒ በሚባል አምባ ላይ በግዞት ያኖሯቸው ነበር። ዛሬም እስር ቤትን የምንጠራው በዚሁ ቃል ነው። መራራቁ ግን ወንድማማች አላደረጋቸውም። የዛሬው አምባ አዲስ አበባ ወይም ዱባይ ነው፤ እንሄዳለን፣ ስልክ አንደውልም፣ «ረስቼዋለሁ» እንላለን። ዮሴፍም በግብፅ የበኩር ልጁን ምናሴ ያለው እግዚአብሔር የአባቱን ቤት እንዳስረሳው ሲናገር ነው (41፥51)። ወንድሞቹ ሲመጡ ግን ዘወር ብሎ አለቀሰ።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ይሁዳ ነው። እናቱ ልያ፣ ያልተወደደችው ሚስት ናት። ምዕራፍ 44ን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ይሁዳ በዮሴፍ ፊት ቆሞ የአባቱን ንግግር ሲደግም፣ ያዕቆብ «ሚስቴ» ያላት ራሔልን ብቻ ነው፤ የሚቆጥርላትም ሁለት ልጆች ነው። እስቲ አስቡት! እናቱ ሚስት ያልተባለችበትን፣ እርሱ ልጅ ያልተባለበትን ቃል በገዛ አፉ ይደግማል፤ ከዚያም በተወደደው በብንያም ፈንታ ባሪያ ልሁን ይላል። ዮሴፍን እንሽጠው ያለው ይኸው ሰው ነበር።

ያዕቆብ አልተለወጠም፤ ልጆቹን ይቅርታ ሲጠይቅም አናነብም። የተለወጠው ይሁዳ ነው። በምዕራፍ 38 ሁለት ልጆች ሞተውበታል፤ ሦስተኛውንም እንዳያጣ ፈርቷል። የአባቱን ፍርሃት ከውስጥ ያወቀው ያኔ ይመስለኛል። ይህን ስል በደሉን ዋጡት ማለቴ አይደለም። የሚሰማ ወላጅ ካላችሁ በአክብሮት ንገሩት፤ ከሌላችሁ ለምታምኑት የቤተ ክርስቲያን ታላቅ ንገሩ። የወላጃችሁን ይቅርታ እስክትሰሙ ግን ፈውሳችሁን አታቆዩት፤ አንዳንዱ ወላጅ ሳይናገር ያልፋል።

ባለፈው ክረምት ቤት ሄጄ ለእህቴ፣ «እትዬ፣ ያኔ አይ ነበር፤ ዝም ያልኩት ስለተመቸኝ ነው» አልኳት። መልስ አልሰጠችኝም። ማታ እናታችን እንደ ልማዷ የዓሣውን መሐል ወደ እኔ አደረገች። ወደ እህቴ ገፋሁት።

«ጅራቱን ለምጄዋለሁ» አለችኝ።

ተሳሳቅን ብዬ አልዋሻችሁም። ግን በላች።